ውድ ጫማ ለኮዬ ፈጬ መንገድ ያዋጣል? የወንዶች ጫማና ልብስ ግዢ መመሪያ

ውድ ጫማ የተከፈለበትን የሚመልሰው ሁለት ነገር ሲያሟላ ነው። ሶሉ ሲያልቅ ተነስቶ ሌላ የሚገባለት መሆን አለበት፤ ቆዳው ደግሞ ከቤትዎ ደጃፍ እስከ አስፋልት ያለውን መንገድ መቻል አለበት። አንዱ ከጎደለ፣ 9,000 ብር የወጣበት ጫማ 2,400 ብር ከወጣበት ጋር አብሮ ይጣላል። ልብስም ላይ ነገሩ ያው ነው። ገንዘብ የሚወጣው ለሚጠገን፣ ሲያስፈልግ ለሚሰፋና ለሚጠብ ስፌት እንጂ ደረት ላይ ለተለጠፈ ስም አይደለም።

መመሪያው የተዘጋጀው በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ፣ በገላን፣ በአሸዋ ሜዳና በመሳሰሉት የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ለሚኖር፣ ጠዋት ከብሎኩ ወጥቶ ታክሲ ወይም አውቶቡስ እስኪይዝ በእግሩ ለሚሄድ ወንድ ነው። ከመኪናው ወርዶ በቀጥታ ሊፍት ውስጥ የሚገባ ሰው ስሌቱ ሌላ ነው።

መጀመሪያ መንገድዎን ይለኩ

ጫማ ከማማረጥዎ በፊት ከቤት እስከ ታክሲ መያዣው ስንት ደቂቃ ባልተነጠፈ መንገድ እንደሚሄዱ በሰዓት ይያዙ። ከ5 ደቂቃ በታች ከሆነ አንድ ደህና ጫማ እየጠረጉ መዝለቅ ይቻላል። ከ10 ደቂቃ በላይ ከሆነ፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ የትኛውም የቆዳ ጫማ ብቻውን አይችለውም።

አፈሩንም ይዩት። በአቃቂ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሶል ላይ እየተደራረበ ይጣበቅና እግር በተነሳ ቁጥር ሶሉን ወደ ታች ይጎትታል። በማስቲሽ ብቻ የተያዘ ሶል አፉን የሚከፍተው በዚህ ምክንያት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት፣ ከጣቶች በታች ይጀምራል። ዋልካው ሲደርቅ ደግሞ የቆዳውን ቅባትና እርጥበት ይስባል፤ ጫማው በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ቆዳው ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር ያለበት ሰፈር ከሆነ ችግሩ ቀለም ነው። ስፌት ውስጥ የገባ ቀይ አፈር አይለቅም፤ ስለዚህ ክሬም ቀለም ጫማና ነጣ ያለ ሱሪ ለዚያ መንገድ አይግዙ።

የበጋው አቧራ የዋህ ይመስላል፤ አይደለም። ቆዳው በሚታጠፍበት ቦታ ይገባና በእያንዳንዱ እርምጃ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። ሳይጠረግ ላዩ ላይ ቀለም ከተቀባበት ደግሞ አቧራው እዚያው ታሽጎ ይቀራል።

የሚሻለው መፍትሔ ድሮም ሰው ሲያደርገው የኖረው ነው፤ እስከ አስፋልት በጎማ ቦቲ ወይም በአሮጌ ጫማ መሄድ፣ ደህናውን በጨርቅ ከረጢት መያዝ፣ አስፋልት ሲደርሱ መቀየር። ቦቲውን ከሚያውቁት ባለሱቅ ወይም ከጥበቃ ቤት ያስቀምጡት። በዚህ የሚያፍር ሰው አለ። ማፈር የለበትም፤ የ5 ዓመት ጫማና የአንድ ዓመት ተኩል ጫማ የሚለየው ይህቺ የሁለት ደቂቃ ቅየራ ናት።

ዋጋውን ለወር ያካፍሉ

ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፤ በሱቅ ያገኙትን ዋጋ ይተኩባቸው።

ሰው ሠራሽ ቆዳ የሆነ፣ በማስቲሽ የተለጠፈ ጫማ፦ 2,400 ብር፣ 8 ወር ቢያገለግል፣ በወር 300 ብር።

ሙሉ ቆዳ የሆነ፣ ሶሉ የተሰፋ ጫማ፦ 9,000 ብር፣ ሁለት ጊዜ ሶል ለመቀየር 1,500፣ 1,500 ብር፣ በድምሩ 12,000 ብር፤ 5 ዓመት ቢያገለግል በወር 200 ብር።

ያው የ9,000 ብር ጫማ ክረምት ከበጋ በዋልካ ላይ ተነድቶ በ18 ወር ቢያልቅ፦ በወር 500 ብር።

ሰው ገንዘቡን የሚያጣው በሦስተኛው መስመር ላይ ነው። ሁለተኛው መስመር እንዲሠራ ጫማው በየሁለት ቀኑ ማረፍ አለበት። እግር ቀኑን ሙሉ ያልባል፤ ቆዳው ያን ላብ ለማውጣት ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። በየቀኑ የሚደረግ ጫማ ከውስጥ እየበሰበሰ ይሄዳል፤ የውስጡ ስፌት ይላላል፣ ሶሌታው ይታጠፋል። ስለዚህ እጅዎ ላይ ያለው 9,000 ብር ብቻ ከሆነና ሌላ ጫማ ከሌለዎት፣ አንድ የ9,000 ብር አይግዙ፤ ሁለት የ4,500 ብር ገዝተው ያፈራርቁ።

ሱቅ ውስጥ የሚደረገው ፍተሻ

ከሰዓት በኋላ ይሂዱ። እግር በቀኑ ውስጥ ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ ይጠባል። ሥራ ላይ የሚያደርጉትን ካልሲ አድርገው ይሂዱ።

1. ስፌቱ እውነተኛ መሆኑን ያረጋግጡ። ብዙ ሶል ዙሪያውን የተሰፋ ይመስላል፤ ግን ክር የሚመስለው በሻጋታ አብሮ የወጣ ጎማ ነው። በጥፍርዎ ይጫኑት፤ እውነተኛ ክር ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ የውሸቱ ከሶሉ ጋር አንድ ነው። ከዚያ ሶሌታውን በጥንቃቄ ከፍ ያድርጉና ውስጡን ይዩ። በውስጠኛው ወለል ላይ ዙሪያውን የሚሄድ የክር መስመር ካለ ሶሉ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀጥታ ተሰፍቷል ማለት ነው፤ ብሌክ የሚባለው አሠራር ይህ ነው። በውስጥ በኩል ክር ባይታይም በውጭ በኩል በቆዳውና በሶሉ መካከል የተሰፋ ቀጭን የቆዳ ጠርዝ ከዞረ ደግሞ ጉድየር ዌልት የሚባለው አሠራር ነው። ሁለቱም ሶል ይቀየርላቸዋል። ለእርጥብ መንገድ ሁለተኛው ይሻላል፤ የመጀመሪያው የክሩ ቀዳዳ በቀጥታ እግርዎ ሥር ስለሚወጣ ውሃ በክሩ እየተሳበ ይገባል።

2. ቆዳውን ያንብቡ። በአውራ ጣትዎ ሲጫኑት ቀጫጭንና የማይመሳሰል መስመር የሚያወጣ፣ ሲለቁት የሚመለስ ቆዳ ጥሩ ነው። ምንም የማይሸበሸብ፣ እንደ ፕላስቲክ የሚያብረቀርቅ ገጽ በወፍራም ቀለም የተሸፈነ ነው። የምላሱን ጫፍ ወይም የተቆረጠ ጠርዝ ይፈልጉ፤ እውነተኛ ቆዳ በጠርዙ ላይ ክር ክር የሚመስል ውስጠኛ ክፍል ይታይበታል፣ ሰው ሠራሹ ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ስስ ሽፋን ነው። «ጄኒዩን ሌዘር» የሚለው ማኅተም ከቆዳ መሠራቱን እንጂ ከየትኛው የቆዳ ክፍል እንደተሠራ አይናገርም፤ ከታችኛው ንጣፍ ተሰንጥቆ በቀለም የተሸፈነውም ያው ማኅተም ይመታበታል። ያኛው ጭቃ ሲነካው በዓመት ውስጥ ይላጣል።

3. ጫማውን ያጥፉት። መታጠፍ ያለበት የእግር ጣቶች በሚጀምሩበት ቦታ ነው። መሃሉ ላይ የሚታጠፍ ጫማ ውስጡ የእግርን ቅስት የሚደግፍ ብረት ወይም ጠንካራ ነገር የለውም፤ ረጅም ለሚሄድ ሰው እግር ያሳምማል፣ ሶሉም ቶሎ ይለያል።

4. የኋላውን፣ ተረከዝ የሚያቅፈውን ክፍል በሁለት ጣት ይጫኑ። ጠንክሮ መመለስ አለበት። ካርቶን የገባበት ሲጫኑት «ጨፍ» ይልና ሰርጉዶ ይቀራል፤ አንድ ጊዜ ከረጠበ ቅርጹ አይመለስም።

5. ሶሉ ከምን እንደተሠራ ይጠይቁ። በዚህ ላይ ዋጋ ያታልላል። በሱቁ ውስጥ በጣም ውዱ ጫማ ብዙ ጊዜ የቆዳ ሶል ያለው ነው፤ ለከተማው ዳርቻ ግን የባሰው ምርጫ እሱ ነው። ጭቃ ላይ ያንሸራትታል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ጠጠር ይበላዋል። የሚፈልጉት ጎማ ነው፤ ከበድ ይላል፣ በጥፍር ሲጫኑት ይመለሳል፣ ጥርሱ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ጥልቀት ያለውና ጭቃው እንዲወጣ ሰፋ ሰፋ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ቀላልና ለስላሳ የሆነው ፒዩ (ፖሊዩሬቴን) የሚባለው ሶል ለእግር ይመቻል፤ ግን ከአየር እርጥበት ጋር በጊዜ ብዛት ይፈርሳል። ለሠርግ ብቻ ተብሎ በካርቶኑ ለዓመታት የተቀመጠ ጫማ በሠርጉ ቀን ሶሉ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ የሚበተነው በዚህ ነው። ያገለገለ ጫማ ሲገዙም አደጋው ይኸው ነው፤ ላዩ አዲስ ይመስላል፣ ሶሉ ግን ዕድሜውን ጨርሷል።

6. ሁለቱንም እግር ይለኩ። የሰው ሁለት እግር እኩል አይደለም፤ ለትልቁ ይግዙ። ቆመው ከረጅሙ ጣት ፊት 1 ሴንቲሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይኑር። ሻጩ «ሲያደርጉት ይለቃል» ካለዎት፣ ቆዳ ወደ ጎን ትንሽ ይለቃል፣ ወደ ርዝመት አይለቅም። ጣት የነካ ጫማ ነገም ይነካል።

7. እጅዎን ውስጥ ከተው ወለሉንና ጎኖቹን ይዳስሱ። የወጣ ሚስማር፣ የተቋጠረ ማስቲሽ፣ የታጠፈ ፎደራ ካለ ይመልሱት።

ስለ ስም አንድ ነገር። በመርካቶም በየሰፈሩ ቡቲክም የታወቀ ዓርማ የተለጠፈባቸው ጫማዎች «ኦሪጅናል የቱርክ ነው» እየተባሉ ይሸጣሉ። ከላይ ያሉትን ሰባት ነገሮች ካለፈ ማንም ይሥራው፤ ካላለፈ ስሙ ጭቃ አይከለክልም። ለፎርጅድ ስም የሚከፈል ተጨማሪ ብር ሙሉ በሙሉ ኪሳራ ነው፤ በዚያ ገንዘብ ስም የሌለው የአገር ውስጥ የቆዳ ጫማ ገዝቶ ማሰፋት ይቻላል።

የተለጠፈ ጫማን ከመልበስ በፊት ማሰፋት

መካከለኛ ዋጋ ያለው ጫማ ሶሉ ጎማ ከሆነ፣ ገና ከሱቅ እንደወጣ ጫማ ሰፊ ጋር ወስደው ዙሪያውን ያሰፉት። በትንሽ ገንዘብ የጫማ ዕድሜ ለማራዘም ከዚህ የተሻለ የለም፤ ሲሠራ ግን አጠገቡ ይቁሙ።

ሰፊው መጀመሪያ በሶሉ ታች በኩል በስለት ቀጭን ቦይ ያውጣለት። ክሩ ቦዩ ውስጥ ካልተቀበረ አስፋልት በጥቂት ሳምንት ይበላዋል፤ ስፌቱም በሙሉ ይተረተራል። ክሩ ሰም የተቀባ ወፍራም ናይለን ይሁን። የስፌቱ ርቀት ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ይበቃል፤ እጅግ ከተቀራረበ ቀዳዳዎቹ ሶሉን እንደ ቴምብር ጠርዝ ያደርጉታልና በዚያው ይቀደዳል። ሲጨርስ ቀዳዳዎቹን በሰም ይድፈናቸው፤ አለበለዚያ ውሃ መግቢያ ይሆናሉ።

የስፖርት ጫማ የሚሠራበትን ለስላሳ ስፖንጅ መሳይ ሶል አያሰፉ፤ ክሩ እንደ ቢላ ሰንጥቆት ይወጣል። ውስጡ ክፍት የሆነ ሶልም እንዲሁ፤ መርፌው የሚይዘው ነገር አያገኝም።

ሙሉ ልብስ

ለአንድ ቀን ሠርግ ሚዜ ለመሆን ከሆነ ይከራዩ። ለቅሶ፣ ሠርግ፣ የሥራ ቃለ መጠይቅና ስብሰባ የሚሸፍን አንድ ልብስ ከሆነ የሚፈልጉት፣ ጥቁር ግራጫ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ይግዙና በእሱ ላይ ገንዘብ ያውጡ።

መጀመሪያ ትከሻውን ይዩ። እጅጌ ያጥራል፣ ወገብ ይጠባል፣ ሱሪ ይሰፋል፤ ትከሻ ግን ኮቱን እንደ አዲስ ማፍረስ ነው። የትከሻው ስፌት የትከሻዎ አጥንት በሚያልቅበት ካላለቀ፣ በነጻም ቢሰጥዎት ይተዉት።

ቀጥሎ ከታችኛው ቁልፍ በታች ያለውን የኮቱን ፊት በሁለት እጅ ቆንጥጠው የውጩን ጨርቅና ፎደራውን ይለያዩ። በመካከል ሦስተኛ፣ ለብቻው የሚንቀሳቀስ ንጣፍ ካገኙ ኮቱን ቅርጽ የሚያስይዘው ማጠንከሪያ የተሰፋ ነው። ከሌለ፣ ቢያንስ በዚያ ቦታ ማጠንከሪያው በሙቀት ከጨርቁ ጋር ተለጥፏል። የተለጠፈው ለመልበስ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን በውሃ ከታጠበ ወይም በጣም በሞቀ ካውያ ከተተኮሰ ሙጫው ይለቅና ደረቱ ላይ እንደ እባጭ ይነሳል። ያ ደግሞ መድኃኒት የለውም። ውድ ነው የተባለ ኮት የተለጠፈ ከሆነ የውድ ዋጋ አይክፈሉበት።

ጨርቁን በእሳት ይፈትኑ። ሻጩ ከውስጥ ጠርዝ ሁለት ሦስት ክር እንዲሰጥዎት ይጠይቁና ያቃጥሉት። ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲነሳ ራሱ ይጠፋል፣ አመዱ በጣት ይፈርሳል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሆናል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል። የሱፍንም የፖሊስተርንም ምልክት ካሳየ ድብልቅ ነው፤ በታክሲ ወንበር ላይ በየቀኑ ለሚቀመጥ ሰው ጥቂት ፖሊስተር ያለበት ሱፍ ሱሪውን ያጠነክራል፣ ስለዚህ አይናቁት፤ የሙሉ ሱፍ ዋጋ ግን አይክፈሉበት።

እጅጌው ላይ «ሱፐር 100»፣ «ሱፐር 120»፣ «ሱፐር 150» የሚል ካዩ ቁጥሩ ጨርቁ የተሠራበትን የሱፍ ጸጉር ቅጥነት ይናገራል። ሱፐር 100 እስከ 18.75 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺህኛ)፣ ሱፐር 150 እስከ 16.25 ማይክሮን ነው። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፣ ጨርቁ ይለሰልሳል፣ ጥንካሬው ግን ይቀንሳል። ሚኒባስ ውስጥ ተጋፍቶ ለሚገባ ሰው ከ100 እስከ 110 ይበቃል፤ ከ130 በላይ የሆነው ሱሪ መቀመጫውና የጭኑ ውስጥ ቶሎ ይሳሳል።

ልብስ ሰፊ ጋር የሚያሰፉ ከሆነ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ ከ3 እስከ 3.5 ሜትር ይግዙ፤ ተርፎ ካለ ሁለተኛ ሱሪ ቢያስቆርጡበት ይሻላል፣ ሱሪ ከኮት ቀድሞ ያልቃልና። በሱሪው የኋላ መሃል ስፌት ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ጨርቅ እንዲተውልዎት አስቀድመው ይንገሩት፤ ሰውነት ሲጨምር ያ ጨርቅ ልብሱን ያድነዋል። የሱሪው ቅምቅማት ከታኮው የላይኛ ጠርዝ በታች አይውረድ። መሬት የሚጠርግ ሱሪ ዋልካ ይዞ ይዞራል፤ ጠርዙም በአንድ ክረምት ይበላል።

ገንዘብ ካጠረ የተሻለው ኮት ሰልባጅ ነው። ጥሩ ሱፍ በርካሽ የሚገኘው እዚያ ነው። ወደ ፀሐይ አንስተው ብል የበላው ቀዳዳ እንዳለ ይዩ፤ ብብቱን ያሽትቱ፤ የብብት ፎደራ የተቀደደ ቢሆን ይጠገናል፣ የገባ ላብ ሽታ ግን አይለቅም።

ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ ቲሸርት

እዚህ ላይ ብዙ መክፈል አያስፈልግም። ሸሚዝ ላይ ስፌቱን ይቁጠሩ፤ በ1 ሴንቲሜትር ውስጥ 7 ወይም 8 ከሆነ ጥሩ ነው፣ 4 ከሆነ ቶሎ ይተረተራል። ጥጥ ሲታጠብ ከ3 እስከ 5 በመቶ ሊያጥር ስለሚችል አንገቱ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይውሰዱ። ነጭ ሸሚዝ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ብሎክ ሸክም ነው፤ ፈካ ያለ ሰማያዊ የአቧራ መስመሩን ይሸሽጋል። ቲሸርት ርካሹን ይግዙና ሲያልቅ ይተኩት። ጥቁርና ጠቆር ያለ ልብስ ገልብጠው በጥላ ያድርቁ፤ በዚህ ከፍታ ላይ ያለው ፀሐይ ቀለም ይበላል።

ጫማው ሲረጥብ

ጭቃውን እርጥብ እንዳለ አይፈግፍጉት፤ ወደ ስፌቱ ይገፋል። ወፍራሙን በእንጨት አንስተው የቀረውን በረጠበ ጨርቅ ያብሱ። ማሰሪያውን ፈትተው፣ ሶሌታውን አውጥተው፣ ውስጡን በጋዜጣ ይሙሉት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋዜጣውን ይለውጡ፣ ማታ ደግሞ አንዴ። ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ቦታ በጎኑ ያስተኙት። ከሰል ምድጃ ወይም ቡታጋዝ አጠገብ የደረቀ ቆዳ ይኮማተራል፣ ይደርቃል፣ በመጀመሪያው እጥፋት ይሰነጠቃል፤ ማስቲሹም በሙቀት ይለቃል። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ስስ አድርገው ቅባት ያለው የጫማ ቀለም ይቀቡት፣ 10 ደቂቃ ቆይተው በብሩሽ ያጽዱት።

ሊስትሮ ጋር ሲቀመጡ ቀለሙን ከመቀባቱ በፊት በደረቅ ብሩሽ እጥፋቱንና ስፌቱን እንዲጠርግ ይንገሩት። በዱቄት ሳሙና ውሃ አጥቦ የሚጀምር ከሆነ ያስቁሙት፤ የልብስ ሳሙና የቆዳውን ቅባት ያጥባል።

ሶል መቀየር

ታኮው በአንድ ጎን ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ሲበላ ወዲያው ታኮውን ብቻ ያስቀይሩ፤ ርካሽ ነው። ከዘገዩ መበላቱ ወደ ሶሉና ወደ ጫማው አካል ይደርሳል፤ ያኔ ጥገናው አያዋጣም። ሶል ሲያስለጥፉ ጫማ ሰፊው የድሮውን ማስቲሽ ፈግፍጎ ማንሳት፣ ሁለቱንም ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ማሻከር፣ አቧራውን መጥረግ፣ ሁለቱንም በስሱ መቀባትና ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጠበቅ አለበት። ማስቲሹ ጣት ላይ የማይዝ ሲሆን ነው የሚገጠመውና በመዶሻ የሚመታው። እርጥብ እያለ የተገጠመ ሶል በሳምንት ውስጥ ይነሳል። ቆመው እየጠበቁ አድርገውት አይሂዱ፤ ማታ ሰጥተው በማግስቱ ማታ ይውሰዱ፣ ማስቲሹ 24 ሰዓት ይፈልጋል። የክረምቱን ሥራ በግንቦት ያሠሩ፤ ሰኔ ሲገባ የጫማ ሰፊው ወረፋ ይረዝማል፣ ጫማውም እርጥብ ሆኖ ስለሚመጣ ማስቲሽ አይዝም።